የቁምሳጥኑ ግራ መዝጊያ

ሐዘናችንን ልትካፈሉ የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች ሁሉ፣ የሟቹ ታናሽ ወንድም ነኝና የታላቄን የሕይወት ታሪክ እንዳነብላችሁ ቤተሰቡ አዞኛል።

ወንድማችን ከአናጢ አባታችንና ከመምህርት እናታችን የተወለዱ የበኩር ልጅ ሲሆኑ፣ በሙያ ትምህርት ቤት የእንጨት ሥራ ተምረው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ በአባታችን ወርክሾፕ ሠርተዋል። እጃቸው የተባረከ፣ ጠባያቸው ግን ግትር ነበር፤ ተሳሳትኩ የሚል ቃል ከአፋቸው አይወጣም። ጥልፍ የሚጠልፉትን ልብስ ሰፊ ባለቤታቸውን አግብተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

አንድ ትልቅ ሆቴል ለእንግዳ መቀበያው የአገር ባህል የሚታይበት የቅንጦት ቁምሳጥን ባዘዛቸው ጊዜ፣ ጋሻና ከበሮ ለጥፎ ባህል ነው ማለትን ተጠይፈው፣ ንድፍ ሲሠሩና ሲሰርዙ ሰንብተው፣ በመጨረሻ በባለቤታቸው ቀሚስ ጠርዝ ላይ ያለውን የሐረግ ጥልፍ በሁለቱ መዝጊያዎች ላይ ቀረጹት። አናጢ ጥንድ መዝጊያ ፊት ለፊት ማስተያየት ልማዱ ነውና፣ የግራውን ሐረግ ከቀኙ በተቃራኒ አዞሩት። ባለቤታቸው ግን የቀሚስ ሐረግ በአንድ አቅጣጫ ዞሮ ይሄዳል እንጂ እንደማይመለስ ነግረዋቸው፣ የዚህች ቀሚስ ባለቤት ዕቃ ረስታ ከመንገድ የተመለሰች መሆን አለባት ሲሉ ቀለዱባቸው። ወንድማችን አኩርፈው ወጡ። ሆቴሉ ዘገዩ ብሎ ትዕዛዙን እሰርዛለሁ እያለ ቢያስፈራራቸውም የግራውን መዝጊያ እንደ አዲስ ሠሩ፤ ለጠየቃቸው ሁሉ ግን እንጨቱ ተሰንጥቆ ነው አሉ። ያ ቁምሳጥን ስማቸውን አስጠራ።

ሳንባቸውን ታመው አልጋ በያዙበት ሰሞን፣ ሁላችንም ባለንበት ባለቤታቸውን አስጠርተው፣ እንጨቱ እንዳልተሰነጠቀና የተሳሳቱት ራሳቸው እንደነበሩ ተናዘዙ። ባለቤታቸውም ከድሮም እንደሚያውቁ ነገሯቸው፤ የተጣለውን መዝጊያ ከወርክሾፑ ጓሮ አንስተው፣ ቅርጹን ወደ ታች ገልብጠው፣ እግር አስተክለው፣ ይህን ሁሉ ዘመን ጨርቅ የሚቆርጡበት ጠረጴዛ አድርገውት ኖረዋልና፣ አንድም ስንጥቅ አላዩበትም። ወንድማችን ሳል እስኪያቋርጣቸው ድረስ ሳቁ። በሳምንቱ፣ በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው ዐረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውንና እኔን ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል።

በፊታችሁ ያለው የአስከሬን ሣጥኑ ክዳን ያ መዝጊያ ነው። ባለቤታቸው የጠረጴዛውን እግሮች አስነቅለው ሰጡን። ልጃቸው ሐረጉን ላስተካክል ቢል፣ እናቱ ተወው፣ ምናልባት ዕቃ ረስተው ከሆነ ይመለሱበት ብለው ከለከሉት። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በሰላም ያሳርፍልን፤ የረሱት ነገር ካለም እኛ እንጠብቅላቸዋለን።