የማህሌት ክፍል

ሥራ በያዝኩ ሰሞን ለቡ ጓደኛዬ ቤት ወለል ላይ ፍራሽ ዘርግቼ ነበር የማድረው። በደመወዜ የምችለው ክፍል ፍለጋ ስዞር ከርሜ፣ በመጨረሻ አንድ ደላላ ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ወሰደኝ። የቤቱ ባለቤት ብቻቸውን የሚኖሩ እናት ናቸው። ክፍሉ ንጹሕ፣ አልጋው የተነጠፈ፣ ኪራዩ ደግሞ ሌላ ቦታ ከተጠየቅኩት ግማሹ። ደላላው ግን እንኳን ክፍሉ ሊገባ፣ ደጃፉንም አላለፈም።

«የልጄ የማህሌት ክፍል ነው» አሉኝ እናትየዋ። «አንድ ቀን ጠዋት ለሥራ እንደወጣች አልተመለሰችም። ካንቺ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ከሥራ ስትገቢ ‹እማ፣ መጣሁ› በይኝ። የቤቱን ዝምታ አልቻልኩትም።»

አንጀቴን በሉት። «ምን ችግር አለው እማማ» አልኩና በማግስቱ ሻንጣዬን ይዤ ገባሁ።

የመጀመሪያው ቀን ከሥራ ስመለስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። በሩን ከፈትኩና እንደማፈር ብዬ፣ «እማ፣ መጣሁ!» አልኩ። ወጥ ቤት ውስጥ ሽንኩርት እየከተፉ ነበር። የቢላው ድምፅ ቆመ።

«እሰይ ልጆቼ!» አሉ፣ ደስታ ባፈነው ድምፅ። «ግቡ፣ ሁለታችሁም ግቡ!»

ብታምኑኝም ባታምኑኝም ብቻዬን ነበርኩ። ደረጃውን ስወጣ ማንም አልተከተለኝም። ግን ዞሬ ልይ ብል አንገቴ እምቢ አለኝ። እንደምንም ወደ ውስጥ ገባሁ። በሩን ግን መዝጋት አልቻልኩም፤ ፊቷ ላይ የምዘጋባት መሰለኝ።