የሦስት ደቂቃ ምስክርነት

የጠረጴዛዬ መሳቢያ አልዘጋ ባይለኝ ኖሮ በዚያ ሰኞ ከሰዓት በኋላ አናጺው ጋ ባልሄድኩ ነበር። ባልሄድ ደግሞ አሁን የምጽፈውን ነገር ለራሴም ሳልነግረው እቀር ነበር። መሳቢያውን በብብቴ ይዤ ከሥራ ቤቱ በር ስደርስ መጋዙም መዶሻውም ዝም ብለዋል። በሥራ ሰዓት እዚያ ቤት ዝምታ ሰምቼ ስለማላውቅ ደንገጥ አልኩ።

አናጺውን ሰፈሩ ሁሉ «ውሃ ልክ» ይለዋል። የገጠመው በር ለዓይን የማይታይ ያህል እንኳ ካዘመመ አፍርሶ እንደገና የሚሠራ ሰው ነው። በጸሎት ቤታችን ደግሞ ሽማግሌ ነው፤ የታመመ ይጠይቃል፣ እሑድ እሑድ ምስክርነት የሚሰጡትን ያዘጋጃል። እኔ ጡረታ የወጣሁ የቋንቋ መምህር፣ የዚያው ጸሎት ቤት ጸሐፊ ነኝ። መስካሪው የሚናገረውን በወረቀት ጽፎ ያመጣልኛል፤ እኔ ሰዋስዉን አቃናለሁ፣ ከሦስት ደቂቃ እንዳይበልጥም አሳጥራለሁ። በዚህ ሥራዬ እኮራ ነበር፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ከአናጺው ፊት ለፊት የእህቱ ልጅ ቆማለች። ስምንተኛ ክፍል ሳለች ያስተማርኳት ናት፤ አሁን በሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ነርስ ሆናለች።

«እንኳን መጡ፣ መምህር» አለችኝ። «ይቀመጡና እርስዎም ይስሙ።»

«ምን የሚሰማ አለ?» አለ አናጺው። «የቤት ጉዳይ ነው።»

«አጎቴ፣ በጉባኤ ፊት ከወጣ በኋላማ የቤት ጉዳይ አይባልም።»

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። አናጺው አንዲት ሴት ልጅ አለችው፤ ሃያ አራት ዓመቷ ነው፣ በቤተ መጻሕፍት ትሠራለች። ባለፈው ዓመት ምግብና እንቅልፍ አስጠልቷት፣ «ለማንም አልረባም» እያለች ስታለቅስ ይህችው ነርስ ወደ ሕክምና ወሰደቻት። አራት ወር ክኒን ወሰደች፤ በሳምንት አንድ ቀንም ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር ትነጋገር ነበር። አባቷም ማልዶ እየተነሳ ጸለየላት። ልጅቷ መብላት ጀመረች፣ ሥራዋ ላይ ተመለሰች። ከዚያም ከሁለት ወር በፊት በአንድ እሑድ መድረክ ላይ ወጥታ መዳኗን መሰከረች፤ የመድኃኒቱንም ብልቃጥ ሁላችንም እያየናት ከቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ጣለችው። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። እኔም መዳፌ እስኪቀላ አጨበጨብኩ።

«እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር ዘጠኝ ቀን ሆናት» አለች ነርሷ። «ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነው የምትውለው። ትናንት ልብሶቿን አጣጥፋ ‹ለሚያስፈልጋቸው ስጪልኝ› ብላ ለእናቷ ሰጠች። መሞት ትፈልጊያለሽ ወይ ብዬ በግልጽ ጠየቅኳት። አልካደችኝም።»

አናጺው ከመላጊያው ሥር አንድ ፍቅፋቂ አንስቶ በጣቶቹ መሐል ይጠቀልል ጀመር።

«ፈተና ነው» አለ። «ጠላት የዳነን ሰው ነው የሚፈትነው። እኔና እናቷ ጾም ይዘናል። ሦስት ቀን ስጪኝ።»

«ሦስት ቀን ላይኖራት ይችላል፣ አጎቴ።»

ይህን የተናገረችው ድምፅዋን ሳታሰማምር ነው። እኔ ግን ብብቴ ሥር ያለው መሳቢያ ሲከብደኝ ተሰማኝና መሬት ላይ አኖርኩት።

«ልጄ፣ እኔ ሐኪም አልጠላም» አለ አናጺው። «ባለፈው ዓመት መጋዙ ጣቴን ሲቆርጠኝ በእግሬ ሮጬ ነው የሄድኩት። ሰፉኝ፣ አመሰገንኩ። ሥጋዬን ሐኪም ያክመው። ሐሳብና መንፈስ ግን የፈጣሪ ነው። በክኒን የሚመጣ ደስታ ደግሞ ምኑ ነው ደስታ?»

«ክኒኑ ደስታ አይሰጥም። መነሳት ያቃተው ሰው እንዲነሳ ያግዘዋል፤ መራመዱ የራሱ ነው። አንጎልም እንደ ጣትዎ የሰውነት ክፍል ነው፣ ይታመማል። ጣትዎ ሲሰፋ ጸሎት አቆሙ እንዴ?»

«ለምን አቆማለሁ?»

«እሷም አላቆመችም። አራቱን ወር ሙሉ ክኒኗንም ጸሎቷንም ይዛ ነው የተሻላት። አንዱ ሌላውን የከለከለበት ቀን አላየሁም።»

አናጺው በቀላሉ እጅ የሚሰጥ ሰው አይደለም። «አብሮኝ ይሠራ የነበረ ሰው እንዲህ ያለ መድኃኒት ወስዶ ደንዝዞ ነው የቀረ» አለ። «መዶሻ ለመጨበጥ እንኳ አቅም አጣ። በዓይኔ ያየሁትን ልትክጂኝ ነው?»

«አልክድም። መጠኑ ሲበዛ፣ ወይም ለሰውየው ሳይስማማው ሲቀር ያደነዝዛል። ያን ጊዜ ለሐኪሙ ይነገራል፤ ይቀነሳል፣ ካልሆነም ይቀየራል። በአንድ ቀን ግን አይጣልም። እሷ ደግሞ በአንድ ቀን ነው የጣለችው።»

«ያ ወሬውስ?» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «በር ዘግተው የሚጠያየቁት? ልጅ የአባቷን ገበና ለባዕድ እንድትዘከዝክ ማድረግ ሕክምና ነው?»

 ሰውዬው እስካሁን በእምነት ስም ሲከራከር ቆይቷል፤ አንጀቱን የሚበላው ግን ሌላ ነገር ነበር። ልጄ የታመመችው በእኔ ጥፋት ነው ይሉኛል ብሎ ይፈራል። እንደ እሱ ያሉ ስንት አባቶች በዚህ ፍርሃት የሐኪም ደጅ ሳይረግጡ እንደሚቀሩ አሰብኩ።

ነርሷም የገባት መሰለኝ፤ ቀረብ ብላ እጁን ያዘችው። «የምትናገረውን እኔም አላውቅም። ባውቅም አልነግርዎትም፤ በሩ የሚዘጋው ለዚህ ነው። እርስዎስ ኃጢአቱን የተናዘዘልዎትን ሰው ነገር ሱቅ ላይ ያወሩታል? እዚያ የሚደረገው አባትን መክሰስ አይደለም፣ አጎቴ። ‹አልረባም› የሚል ሐሳብ ሲመጣባት ዝም ብላ ከማመን ይልቅ እንድትመረምረው፣ መልስ እንድትሰጠው ያለማምዷታል።»

አናጺው የጠቀለለውን ፍቅፋቂ ከመላጊያው አጠገብ መልሶ አኖረው። ቀጥሎ የተናገረው በሹክሹክታ ነበር።

«እሺ፣ ተመልሳ ትሂድ እንበል። በእግዚአብሔር ቤት ‹ዳንኩ› ብላ መስክራለች። አሁን ሆስፒታል ደጅ ብትታይ የማያምኑት በስሙ አይሳለቁም? ለራሴ ክብር ብዬ አይደለም፣ መምህር ያውቀኛል።»

«እሷም የምትለው ይህንኑ ነው» አለች ነርሷ። ዓይኖቿ እንባ አቀረሩ። «‹በእግዚአብሔር ቤት ዋሽቻለሁ፤ ከእንግዲህ ምሕረት የለኝም› ነው ሌት ተቀን የምትለው። ድሮ ‹አልረባም› ነበር፤ አሁን ‹የተረገምኩ ነኝ› ሆነ። ሕመሟ ከእኛ አፍ ቃል ተቀብሎ እየገረፋት ነው።»

 ለሁለት ወር ዋጥ አድርጌ ያስቀመጥኩትን ነገር ከዚህ በላይ መያዝ አልቻልኩም።

«አልዋሸችም» አልኩ። «የዋሸነው እኛ ነን።»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ።

«ያመጣችልኝ ወረቀት ላይ እውነቱ ነበረበት። ‹ፈጣሪዬ ጸሎቴን ሰማ፤ ጥሩ ሐኪሞችም ሰጠኝ፤ መድኃኒቱን አሁንም እየወሰድኩ ነው› ብላ ጽፋለች። አንተ አየኸውና ‹ይህቺ የሐኪም ነገር ምስክርነቱን ታቀዘቅዘዋለች፣ ትውጣ› አልከኝ። እኔም ሦስት ደቂቃው አይበቃም ብዬ ሰረዝኩት። የተሰረዘውን ስታይ ‹መድኃኒት መውሰዴ ያሳፍራል ማለት ነው?› ብላ ጠየቀችኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነበርና መልስ አልሰጠኋትም። እሷ ግን አለመመለሴን እንደ መልስ ወሰደችው። እኔ በወረቀት ላይ የሰረዝኩትን ነው እሷ ቅርጫት ውስጥ የጣለችው።»

አናጺው ከሥራ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ። የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ ቆየና ነርሷን ቀና ብሎ አያት።

«መጀመሪያ ምን ልበላት?»

«እንዳልዋሸች ይንገሯት። ከዚያ ዛሬውኑ አብረን እንሂድ። እስከዚያ ድረስ ብቻዋን አትተዉአት።»

ሦስታችንም ቤቱ ሄድን። እኔ ከክፍሉ ደጃፍ ቀረሁ፣ ለመግባት ፊት አልነበረኝም። እናቲቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። አባትየው በጉልበቱ ተንበረከከ።

«ልጄ፣ አንቺ እውነቱን ጽፈሽ ነበር። የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

ፊቷን ከግድግዳው ለመመለስ ብዙ ጊዜ ወሰደባት።

«ታዲያ አልተረገምኩም?»

«አልተረገምሽም። ታመሻል።»

ሆስፒታል ሦስት ሳምንት ተኛች። ፈውሱ በአንድ ጀንበር አልመጣም። መድኃኒቱ መጀመሪያ ላይ እጇን አንቀጠቀጣት፣ አፏን አደረቃት፤ ሐኪሙ መጠኑን ሁለት ጊዜ ለወጠላት። ተሽሏት አይተን ደስ ሲለን በማግሥቱ ደግሞ ቃል ሳትናገር ትውል ነበር። እንቅልፏ ግን ተመለሰ። ቀስ በቀስ ሾርባ ቀመሰች፣ መጽሐፍ አምጡልኝ አለች። አባቷ አልጋዋ አጠገብ ሲጸልይ ከነርሶቹ አንዷም ተው አላለችውም፤ ክኒኗን በሰዓቱ ሲያቀብላትም እምነቱ አልጎደለበትም። ከባለሙያው ጋር ቤተሰቡ በአንድነት የተቀመጠበት ቀን አናጺው የፈራው ክስ አልመጣም። ከልጁ አፍ የሰማው «አባዬ፣ ሲከፋኝ ልነግርህ እፈራ ነበር» የሚል ቃል ብቻ ነው። እሱ ይህን ከሰማ በኋላ እንደተለወጠ እኔ ምስክር ነኝ፤ አሁን ሲጠይቃት መልሷን ይጠብቃል። እንግዲህ ይህን የምታነቡ ወላጆችና ሽማግሌዎች ልብ በሉ። የታመመ ሰው መድኃኒቱን እንዲደብቅ የሚያደርግ ጉባኤ የታመመውን ለብቻው ይተወዋል፤ ሐኪምንና ጸሎትን ያስታረቀ ቤት ግን ልጁን በጊዜ ያገኛል።

ልጅቷ ሆስፒታል ከገባች በአራተኛው እሑድ አናጺው ልጁን አስፈቅዶ መድረኩ ላይ ወጣ፤ እኔም አጠገቡ ቆምኩ። ያደረግነውን አንድም ሳናስቀር ተናገርን። ማንም አላጨበጨበም። አንዳንዶች ተነሥተው ወጡ፣ ሌሎቹ ሽማግሌዎችም በዚያው ሳምንት አናጺው ከሽማግሌነቱ እንዲያርፍ ነገሩት። ይሁን እንጂ ከጉባኤው መካከል አምስት ሰዎች ነርሷ ዘንድ በየተራ ሄዱ፤ ሁለቱ መድኃኒታቸውን ለዓመታት ደብቀው ሲውጡ የኖሩ ናቸው።

በዚያች እሑድ ግን ከአዳራሹ ስንወጣ አንዲት እናት ደጃፉ ላይ ጠበቀችን። ሁልጊዜ ከኋላ የምትቀመጥ ልብስ ሰፊ ናት፤ ከሰላምታ ያለፈ ተነጋግረን አናውቅም። አንድ ልጅ እንዳላት፣ እሱም የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ይወስድ እንደነበር የሰማነው ያን ጊዜ ነው።

«የልጅዎን ምስክርነት አብረን ሰማን» አለችው አናጺውን። «ያን ዕለት ማታ እሱም መድኃኒቱን ጣለ። ‹እሷ ከዳነች እኔም እድናለሁ› አለኝ፤ እኔም ደስ አለኝ። በሦስተኛው ሳምንት ከቤት ወጣ። እስከ ዛሬ አልተመለሰም።»

  እሷ አልረገመችንም፣ አልጮኸችብንም። ፎቶግራፉን ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችን።

«እናንተ ብዙ ሰው ታውቃላችሁ» አለች። «ምናልባት ካገኛችሁት፣ ዛሬ ያላችሁትን ለእሱም ንገሩልኝ።»