የስህን ሕመምና የሽማግሌዎቹ ፍርድ

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ እኔና ጎረቤቴ አቶ ዱጉማ ከጌጃ ሰፈር ተነሥተን ወደ ጠመንጃ ያዥ እንሄድ ነበር። ከሁለት ወር በፊት በዚያው መንገድ ሄደን፣ ለልጃቸው ለቤካ ስህን የምትባል ልጅ ለምነን እሺታ አግኝተን ነበር። አሁን የምንሄደው ግን ቃላችንን ልናፈርስ ነው። ስህን ታማለችና አቶ ዱጉማ «ከዘር የመጣ ነው» ብለው ፈሩ፤ የልመናው ሽማግሌ የነበርሁት እኔ መሪጌታውም «ደግ ነው» ብዬ ተስማማሁ።

መንገድ ላይ የስህን ታላቅ እህት፣ ሐኪም የሆነችው ሕያብ፣ ከአንድ መድኃኒት ቤት ስትወጣ ተገጣጠምን።

«መሪጌታ፣ አባባ ዱጉማ፣ እንደምን አደራችሁ? ወደ እኛ ነው?»

አቶ ዱጉማ መሸሸግ አያውቁም። «ወደ እናንተ ነው፤ በመልካም ግን አይደለም። ልጄ፣ እህትሽ የምትወልደው ልጅ እንደ እርሷ አልጋ ላይ ቢውል ማን ይጠየቃል?»

«ሕመሟን ምን ብለው ሰሙት?»

«ቁርጥማት ነዋ! ማታ ማታ ያተኩሳታል፣ ሽፍታ ይወጣባታል፣ ጉልበቷ ያብጣል። ቁርጥማት የእኛ የሽማግሌዎቹ ነው፤ በሃያ አራት ዓመቷ የያዛት ከዘር ባይሆን ከየት መጣ? ወይስ ብርድ መቷት ነው?»

«ይህ እጅግ ጥቂት ሰው የሚይዝ፣ በወጣትነትና በጎልማሳነት የሚበዛ ሌላ ሕመም ነው፤ አባባ። ብርድ እንደሚያመጣው ማስረጃ የለም። ከወላጅ ወደ ልጅ ሲወርድም በተለምዶ አይታይም። በአንዳንዶች ከጉሮሮ ሕመም በኋላ ስለሚጀምር፣ ሰውነታቸው ለዚህ በተጋለጠ ሰዎች ላይ ተሐዋሲ ይቀሰቅሰው ይሆናል ተብሎ ይጠረጠራል።»

«እንግዲያው ይተላለፋላ!»

«ሕመሙ አይተላለፍም። የገዛ ሰውነቷ የበሽታ መከላከያ ተነሥቶ አልበርድ ብሎ ነው። ለምን በእርሷ እንደሆነ ግን ገና አልታወቀም።»

አቶ ዱጉማ ሳቁ። «ዶክተር! ይህን ሁሉ ዘመን ተምረሽ ‹አይታወቅም› ልትይኝ? እርሱንማ እኔም ሳልማር አላውቅም!»

«ልዩነታችን፣ አባባ፣ እርስዎ ሳያውቁ መፍረድዎ ነው።»

ቃሏ እኔንም ወጋኝ። በመጻሕፍት ትርጓሜ ቤት ስማር መምህሬ ፍቺው ያልተገኘለትን የመጽሐፍ ስፍራ «አልደረስንበትም» ብለው ያልፉት ነበር እንጂ ከልባቸው አመንጭተው አይሞሉትም። እኔ አንድ ጊዜ ደፍሬ ብሞላው ሦስት ቀን ከጉባኤ አስወጥተውኛል። ለመጽሐፍ ንባብ የማደርገውን ጥንቃቄ ለአንዲት ልጅ ነፈግኋት።

ሕያብ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ትኩሳቱ ሲጀምራት ሦስት ሳምንት ከእኛ ደብቃ ነበር፤ ‹የቤካ ቤተሰብ ከሰማ ሠርጉ ይቀራል› ብላ። ሐኪም ዘንድ ስትደርስ በልቧ ዙሪያ ውሃ ቋጥሮ ነበር። የፈራችው ሕመሙን አይደለም፤ እናንተን ነው።»

አቶ ዱጉማ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «አሁንስ?»

«መድኃኒቱ ረድቷታል። ሊመለስ ይችላል፤ ክትትል ይፈልጋል። አልዋሽዎትም።»

«መውለድስ?»

«ሕመሙ ሲረጋ፣ ከሐኪሟ ጋር ተማክራ፣ ትችላለች።»

አቶ ዱጉማ ባርኔጣቸውን መልሰው አደረጉ። «ቤካ ‹እኔ ብታመም ኖሮ ስህን ትተወኝ ዘንድ ትመክሯት ነበር?› አለኝ። በከንቱ ተቆጣሁት። መሪጌታ፣ እንመለስ ይሆን?»

«አንመለስም» አልሁ። «የታመመ እንጠይቃለን።»

ቤታቸው ስንደርስ ስህን አየችንና ከአልጋዋ ልትነሣ ታገለች። አቶ ዱጉማ ቀድመው ደረሱ። «አትነሺ፣ ልጄ። የሠርጉን ቀን ሐኪምሽ ሲፈቅድ እንቆርጣለን።» እርሷም ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች።

ልጅ የምትድሩ ወገኖቼ፣ ሕመም ሲመጣ «የማን ዘር ናት?» ከማለታችን በፊት «የት ትታከም?» እንበል። ያልታወቀውን አይታወቅም ካልን ሕመምተኛ አይሸሸግም፤ ያልተሸሸገ ሕመም በጊዜ ይታከማል፤ ጋብቻም በፍርሃት አይፈርስም። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ይህን የሰሙ ሁለት የሰፈራችን እናቶች የታመሙ ሴቶች ልጆቻቸውን በጠራራ ፀሐይ፣ ጎረቤት ሁሉ እያየ፣ ወደ ሐኪም ይዘው ወጥተዋል።