የአባቴ ፎቶዎች ያሉበት ፍላሽ ጠፋ ስለመባሉ የተሰጠ ቃል

የምስክር ስም፦ ሴና ኢፋ ሙለታ
ዕድሜ፦ 16 ሥራ፦ ተማሪ
አድራሻ፦ አዲስ አበባ፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ 3ኛ ፎቅ
ቀን፦ ግንቦት 9 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 9፡30 ሰዓት
ቃሉ የተሰጠው አመልካች እናቷ ወ/ሮ ወይንሀረግ ባሉበት ነው።

ግንቦት 7 ቀን ከቀኑ 10፡00 ሰዓት ላይ፣ ፎቶ ቤቱ አራት ወር ካጉላላን በኋላ የእህቴ የፋዮ የሰርግ ቪዲዮ ስለደረሰ፣ እናቴ የሟች አባቴ ፎቶዎች ባሉበት ፍላሽ ላይ እንዲጫን ፈለገች። ምክንያቷም "ኢፋ የልጁን ሰርግ ሳያይ አይቅር" የሚል ነው። ስለዚህ አንደኛ ፎቅ ወደሚኖረው ኸይረዲን ቤት ወረድን። ኸይረዲን 17 ዓመቱ ሲሆን እናቴ "የኔ ልጅ" ትለዋለች። እኔን የምትጠራኝ "አንቺ" ብላ ነው።

ፍላሹ ባዶ ቦታ እያለው ቪዲዮውን አልቀበልም አለ። የኮንዶሚኒየሙ ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ሞቱማ ማንም ሳይጠራቸው መጥተው "አርጅቷል፣ ጡረታ ይውጣ" አሉ። እሳቸው ጡረታ ከወጡ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነው። ኸይረዲን ግን ፍላሹ ፋት 32 በሚባለው አሠራር ስለሆነ ከአራት ጊጋ የሚበልጥ አንድ ፋይል እንደማይዝ፣ ወደ ኤንቲኤፍኤስ መለወጥ እንዳለበት አስረዳ። ፎቶዎቹን አስቀድሜ ኮምፒውተሬ ላይ ልገልብጥ ቢልም እናቴ "የባሌን ፎቶ ሰው ቤት አላሳድርም" ብላ ከለከለች።

እኔም "ፎርማት ካደረገው ሁሉም ድራሹ ይጠፋል" አልኩ።

"ፎርማት አይደለም ሴንዬ፣ ኮንቨርት ነው። ያለው እንዳለ ይቆያል" አለኝ። ሴንዬ ያለኝ እናቴ ፊት ነው።

ኮምፒውተሩ ላይ ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ከፍቶ አንድ መስመር ትእዛዝ ጻፈ። አቶ ሞቱማ መብራት እንዳይጠፋ በማለት ከዘራቸውን ይዘው ቆጣሪው ሥር ዘብ ቆሙ፤ መብራት ከዘራ የሚፈራ ይመስል። ሥራው ሲያልቅ 214ቱም ፎቶዎች በቦታቸው ነበሩ፤ ቪዲዮውም ገባ። እናቴ የኸይረዲንን ግንባር ስማ "ምነው አንተን በወለድኩ!" አለች። እኔ እዚያው ቆሜአለሁ።

ኸይረዲንና አቶ ሞቱማ ሊሸኙን ሲነሱ ፍላሹን ነቅዬ ኪሴ ከተትኩ፤ ቤት እንደደረስን ጂኦሜትሪ ሳጥኔ ውስጥ ደበቅኩት። እናቴ ስትጠይቀኝ "ኸይረዲን ጋ ቀርቷል" አልኩ። በማግስቱ አቶ ሞቱማ የልጁን ቤት ፈተሹ፤ ፍሪጅም ከፍተው አይተዋል። ከዚያ እናቴ ኸይረዲንን ከስሳ እዚህ ፖሊስ ጣቢያ አመለከተች።

ዛሬ ጠዋት ግን "ኢፋን ሁለት ጊዜ ቀበርኩት" እያለች ስታለቅስ ስለሰማሁ ሳጥኑን ይዤ መጣሁ። ምክትል ሳጅን ሁመድ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ቆጠሩ። አባቴ እኔን ትከሻው ላይ ያወጣበት ፎቶ ላይ ሲደርሱ እናቴ "እዚህ ጋ ይቁሙልኝ" ብላ ስላቆየቻቸው ቆጠራው ዘግይቷል። ቁጥሩ 214 ነው።

ኸይረዲን ፍላሹን እንዳልወሰደና አንድም ፎቶ እንዳላጠፋ ይመዝገብልኝ። የእናቴ ልጅ ነው ተብሎ ግን እንዳይመዘገብ አመለክታለሁ።

ይህን ቃል ማንም ሳያስገድደኝ ሰጥቻለሁ፤ ተነቦልኝም ያልኩት ሁሉ እውነት መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜአለሁ።

ቃል ሰጪ፦ ሴና ኢፋ (ፊርማ)
ቃል ተቀባይ፦ ምክትል ሳጅን ሁመድ (ፊርማ)
"አመልካች" የሚለው በራሳቸው ጥያቄ ተሰርዞ፦ ወይንሀረግ፣ የሴና እናት (ፊርማ)