መርፌውን የከለከሉኝ ሰው

ጋሽ ጀማሉዲን፣ ዛሬ በጡረታ መሸኛዎ እኔ ሸዋረጋ ልናገር፣ እርስዎ ይስሙ። ጣልቃ መግባት የለም!

ከኮምቦልቻ ተዛውረው ወደ ሆስፒታላችን መድኃኒት ክፍል የመጡ ዕለት፣ በሐምሌ፣ እጅጌ ጉርድ ሸሚዝ ለብሰው ነበር። «የደሴ ብርድ ብርድ ነው ይሉኛል፤ ወላሂ ምንም አይል!» አሉን። ከሰዓት በኋላ የጽዳት ሠራተኛችንን የራሂማን ጋቢ ተከናንበው ኪኒን ሲያድሉ አገኘንዎት። ጋቢዋን የመለሱላት በመስከረም ነው።

ጥያቄ ሲያበዙስ! ፒያሳ ማኪያቶ ስንጋብዝዎት አስተናጋጁን፣ «ከምግብ በፊት ነው ከምግብ በኋላ?» ይሉታል። ሳቁ፣ ሳቁ፤ ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ።

እኔን ግን ይህ ጠያቂነትዎ አባቴን መልሶልኛል።

የዛሬ አራት ዓመት ነው። አባቴ፣ የኩታበሩ ቄስ አግማስ፣ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤት መመለሻው ጠፋበት። ሐኪሙ የመርሳት በሽታ ነው ብሎ ኪኒን አዘዘለት። መጠኑ ከፍ በተደረገ በሳምንቱ፣ ማንንም ተቆጥቶ የማያውቅ ሰው በትሩን ይዞ በር ላይ ቆመ። «ጣራው ላይ ሰዎች አሉ!» ይላል። እናቴን ደግሞ፣ «አንቺ ማነሽ? ሚስቴን የት አደረግሻት?» አላት። አርባ ዓመት አብራው የኖረችውን!

ጎረቤቱ «ጠበል ውሰዱት» አለ። እኔ ነርሷ ደግሞ እየሮጥኩ እርስዎ ዘንድ መጣሁ።

«ጋሼ፣ የሚያስተኛ መርፌ ይስጡኝ።»

«አልሰጥሽም።»

«አባቴ እኮ ነው!»

«አባትሽ ስለሆነ ነው። ይሄ ነገር የጀመረው መቼ ነው? ኪኒኑ የተጨመረለትስ?»

ቀኖቹን ቆጠርኩ፤ ኪኒኑ በተጨመረ በሳምንቱ ነው።

ወዲያው ለሐኪሙ ደወሉ። «በሽታው ብሶበት ይሆናል» ሲልዎት፣ ከኪኒኑ ካርቶን ውስጥ ያለውን ወረቀት አውጥተው አነበቡለት፦ የሌለ ነገር ማየት፣ ቁጣ፣ ጥርጣሬ። ሐኪሙም ይመስገን፣ በዚያው ቀን አባቴን አይቶ፣ ደምና ሽንቱን አስመርምሮ፣ ኪኒኑን አስቆመ። እርስዎም ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሚኒባስ ተሳፍረው ኩታበር ሊጠይቁት መጡ። በሳምንቱም ደገሙ።

በሁለተኛው ሳምንት አባቴ እናቴን ትኩር ብሎ አያት። «ፋሲካ፣ ምነው እንዲህ ከሳሽ?» አላት። እዚያው በርጩማው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

መርሳቱ አልለቀቀውም፤ የእኔን ስም ረስቶት ነው ያረፈው። እናቴን ግን እስከ መጨረሻው አወቃት፤ እሷም ሳትፈራው አስታመመችው።

ጋሼ፣ ለምኜዎት እምቢ ስላሉኝ አመሰግናለሁ። እነዚህንም አዳዲስ ፋርማሲስቶች በደንብ አስተምረዋቸዋል፤ ሥራው ደህና እጅ ላይ ነው፣ አይስጉ።

በሉ፣ ለስላሳችሁን አንሱ! ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥዎት፣ የልጅ ልጆችዎን ለመዳር ያብቃዎት! እናቴም ከኩታበር መጥታ እዚያ ጥግ ተቀምጣለች። «እኔው በአፌ ልመርቃቸው» ብላኛለች።

እማዬ፣ ተነሺ።