ሦስት ድምፅና አንድ ምሳ ዕቃ

ጋሽ ማንደፍሮ ጠርጣራ ናቸው ማለት ባሕር እርጥብ ነው እንደ ማለት ነው። በሮተርዳም፣ ሻርሎይስ ከሚባለው ሰፈር፣ የዳቦ መጠቅለያ ላይ የታተመውን ቀን እንኳ ሁለት ምስክር ካልቀረበላቸው የማያምኑ እሳቸው ብቻ ናቸው። ከመንግሥት የመጣ ፖስታ ከሆነማ ሰባት ጊዜ አገላብጠው፣ ሰባት ጊዜ አሽትተው ነው የሚከፍቱት።

በግንቦት አንድ ረቡዕ ጠዋት፣ ጭንቅላቱ ሌላ ከተማ ዴንሃግ ደርሶ ጅራቱ ገና ሻርሎይስ የቀረ የሚመስለውን ትራም ሲጠብቁ ሳያትን አገኟት። ሳያት የልጅ ልጃቸው ዮሃና በምትማርበት ትምህርት ቤት ረዳት መምህርት ናት። ሁለቱም ወደ ምርጫ ጣቢያ እየሄዱ ነበር። ከተማው ከግብር ገንዘብ ለተማሪ ሁሉ ነፃ ምሳ ያቅርብ ወይስ አያቅርብ፣ ሕዝቡ የሚወስንበት ቀን ነው።

«እንዴት አደሩ ጋሽ ማንደፍሮ? ሦስት የምርጫ ካርድ ይዘዋል።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንዱ የእኔ፣ አንዱ የልጄ የጥሩአየሁ ነው። አረጋውያን መጦሪያ ሥራ ገብታ ከጀርባው ፈርማ ወክላኛለች። ሦስተኛው የጎረቤታችን የአየለ ነው። ሕጉ ይፈቅዳል፤ አጣርቻለሁ።»

«ምን ይምረጡልን አሉ?»

«‹ይሁን› በልልን ብለዋል። እኔ ግን ሦስቱንም ‹አይሁን› ላይ ነው የማቀልመው።»

«የሰው አደራ ይዘው?»

«ከወጥመድ ላድናቸው ነዋ። ልጄ፣ ሽንት ቤት ገብተሽ የምትከፍይበት አገር ምሳ በነፃ ይሰጣል? ዛሬ ሾርባ፣ ነገ ፎርም፣ ከነገ ወዲያ ‹ልጅቱን መመገብ አልቻላችሁም› ብሎ በር የሚያንኳኳ ሰው። አምና ‹የተቸገራችሁ ተመዝገቡ› ሲሉን አንፈልግም ብዬ በትልቁ ጽፌ መለስኩላቸው።»

«የአምናው ስም ይመዘግብ ነበር። የዛሬው ለሁሉም ነው፤ የሐኪሙም ልጅ፣ የጽዳት ሠራተኛዋም ልጅ ከአንድ ድስት ነው የሚበሉት።»

«ለሐኪሙ ልጅ እኔ ለምን እከፍላለሁ?»

«በቤተ ክርስቲያን ዝክር ሲደገስ ጭልፋ የሚይዙት እርስዎ አይደሉ? ሀብታሙን ‹አንተ ቤትህ ብላ› ብለውት ያውቃሉ?»

በጭልፋቸው ሲመጡባቸው አይወዱም። በአንድ ድስት ሦስት መቶ ሰው አጥግበው፣ የተረፈውን ለአምስተርዳም ምእመናን የላኩ ሰው ናቸው።

«ዝክርማ ሌላ ነው። እየለየህ ከጠየቅህማ የቸገረው አፍሮ ሳይበላ ይሄዳል» አሉና ያሉትን ሰምተው ቆም አሉ። ቶሎ ብለውም «ቢሆንስ፣ ጾሙን ምን ልታደርጉት ነው? የእኔ ዮሃና ጾመኛ ናት» ብለው ጨመሩ።

ሳያት ትንሽ አመነታች። «አዎ፣ ባለፈው ሳምንት ረቡዕም ዓርብም ለሆላንዳዊቷ ዋና መምህርቷ ‹ጾም ነኝ› ብላ ምሳ ዕቃዋን ሳትከፍት ዋለች።»

«አላልኩሽም?» የጋሽ ማንደፍሮ ደረት የትራሙን መንገድ ዘጋ።

«ጋሼ፣ ፋሲካ ካለፈ ስንት ቀን ሆነው?»

«ሃያ አራት...» ከፋሲካ በኋላ በዓለ ኃምሳ እስኪያልቅ ረቡዕም ዓርብም አይጾምም። ይህን ለልጅቱ ያስተማሯት ራሳቸው ናቸው።

«ከፍቼ አየሁት» አለች ሳያት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ባዶ ነበር። ለምን አልነገርሽንም ብላት ‹አባባ የጓዳ ጉድ ለሰው አይነገርም ብሎኛል› አለችኝ።»

ትራሙ መጣ፤ ተሳፈሩ። በዚያ ሳምንት፣ የጥሩአየሁ ደመወዝ ሳይገባ፣ ጠዋት ጠዋት ለዮሃና ምሳ ዕቃውን ቦርሳ ውስጥ የሚከቱላት ጋሽ ማንደፍሮ ነበሩ። መቅለሉን እጃቸው ነግሯቸው ነበር። ዓለምን ሁሉ የሚጠረጥሩት ሰው ያንን ብቻ ሳይጠረጥሩ ቀሩ።

ምርጫ ጣቢያው በር ላይ «ምስርስ ይሠራሉ?» አሉ።

«ሥጋም ወተትም የሌለበት በየቀኑ ይኖራል።»

«የት ተጽፏል?»

በሩ ላይ ከተለጠፈው ማብራሪያ አሳየቻቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አስነበቧት፤ ከዚያ ገብተው ለመራጭ በሚቀርበው ቀይ እርሳስ ሦስቱንም ‹ይሁን› ላይ አቀለሙት፤ የእሳቸውን ደግሞ ወረቀቱ እስኪሳሳ ድረስ።

ለተቸገረው ብቻ የተዘረጋ እጅ ኩራት ያለውን ሰው ያርቃል፤ ለሁሉ የቀረበ ማዕድ ግን ማንንም አያሳፍርም። ልጅ ጠግቦ ይማራል፣ እናትም ሥራዋ ላይ ልቧ ያርፋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የዘጠኝ ዓመት ልጅ የቤቷን ስም ለመጠበቅ ብላ አትዋሽም።

ጋሽ ማንደፍሮ ግን የድምፁን ቆጠራ አልጠበቁም። ትኩስ ዳቦ ገዝተው ትምህርት ቤቱ ደጅ ዮሃናን አስጠሯት።

«በኃምሳው እንደማይጾም አላስተማርኩሽም?»

ዳቦውን ተቀብላ ገመጠችና «እኔማ አውቃለሁ አባባ» አለች። «ዋናዋ መምህሬ ናት የማታውቀው።»