ቀን የሚቆጥር ዋስ

በጣሊያን ጊዜ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ወልቂጤ በሚመለስ ካሚዮን፣ በጨው ጆንያ ላይ ተቀምጠናል። አንዲት ሴት እጀታው የተሰበረ የስፌት መኪና ታቅፋ አጠገቧ ላሉት ሽማግሌ ትናገራለች።

«አልጠግንልሽም አለኝ፣ አባባ።»

«ማን?»

«የሸጠልኝ ጣሊያን ነዋ። ዋስትናው ስድስት ወር ነበር፣ አሁን ሰባተኛው ገብቷል አለ።»

«ዋሱ ማን ነበር?»

«ወረቀት።»

«ሰው አልጠራልሽም?»

«ዋስ ጥራ ስለው ወረቀት ሰጠኝ። እኔም ሞኟ ተቀበልኩ።»

«ዋስማ ሰው ነው፣ ልጄ። እሱ ቢሞት ልጁ ይቆማል።»

«ነገርኩት እኮ። እኛ አገር ዋስ ነገሩ እስኪያልቅ ይቆማል እንጂ ቀን ቆጥሮ አይሄድም አልኩት። ሳቀና ሌላ ግዢ ብሎ አሰናበተኝ።»

«ቀስ በይ፣ ሹፌሩም ጣሊያን ነው።»

«ይስማ። ስብራቱን ይዩት፣ ውስጡ የቆየ ዝገት ነው። ሲሸጥልኝም ተሰንጥቆ ነበር፤ በቀለም ሸፍኖ ነው የሰጠኝ። ስንጥቁ ከወረቀቱ ይቀድማል።»

«ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?»

«ሱቁ ውስጥ የሚያስተረጉመው የእምድብር ልጅ ነው። ይቺ ወረቀት ዋስሽ ናት ያለኝ በገዛ አፉ ነው። ነገ ሽማግሌ ይዤ አባቱ ደጅ እቀመጣለሁ። ልጁ በአፉ የገባበትን አባቱ ይጨርስ።»

አስተርጓሚው ልጄ ትናንት ከዚያ ሱቅ ያለበሰኝን ካፖርት ቀስ ብዬ አውልቄ አጠፍኩና ተቀመጥኩበት።